ጨረቃ በእኛ ካላንደር

አራት ኪሎ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? የስቶክሆልም ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ከተጠፋፋን ቆየን። ተቀያይመን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሰበብ መደርደሩን ትቼ ሰሞኑን ስለያዘኝ አመል ላውጋሽ።

ጨረቃ እየተከታተልኩ ነው። መቼ ወጣች፣ መቼ ገባች፣ ምን ያህል ሞላች፣ በየቀኑ እጽፋለሁ። ጳጉሜን 2 በነበረው ግርዶሽ ሰሞን ሰዉ ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ ነው ነገሩ ያደረብኝ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ እስኪጠራ ጠበቅኩና ጥቅምት 26 ሙሉ ስትሆን ጀመርኩ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ካላንደር ሰቅያለሁ። ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ በስክሪብቶ ትንሽ ክብ እሥላለሁ፤ የጎደለውን አጠቁራለሁ፤ ከሥሩ ሰዓቱን እጽፋለሁ። እማዬ የዕቁብ ሒሳብ መስሏት ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትወጣ ከሆነ ግን አልነሣላትም፤ ከስልኬ ላይ እገለብጣለሁ።

ስልኬ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ለአንዱ ቀን መውጫ ሰዓት አልሰጠም፤ ሰረዝ ብቻ አስቀምጦ አለፈ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ስንዞር ጨረቃም ወደዚያው አቅጣጫ ትሄዳለች፤ እሷን ለመድረስ ምድር ትንሽ መጨመር አለባት። ስለዚህ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ትዘገያለች። አንድ ቀን ሌሊት 6 ሰዓት ሳይሞላ ወጣች፤ በማግስቱ ደግሞ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ስልኩ ቀኑን የሚቆርጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነውና መሃል ያለው ቀን ጨረቃ ሳትወጣበት ቀረ።

ይቺን 50 ደቂቃ ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትገባ፣ 12 ሰዓት ግድም ትወጣለች። የእኛ የማታ ሰዓት ደግሞ የሚጀምረው ከዚያው ከጀንበር መጥለቅ ነው። ከሞላች በኋላ ያለፉትን ቀናት በ50 ደቂቃ ስታባዢ የሚመጣው ቁጥር ራሱ ሰዓቱ ነው። ሦስት ቀን ካለፈ፣ 2 ሰዓት ተኩል። መደመር የለ፣ መቀነስ የለ። በሳምንቷ ግማሽ ሆና እኩለ ሌሊት ላይ ትወጣለች፤ የምትገባው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። አዲስ ስትሆን ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ስለምትገባ አትታይም።

ግን አንቺ ዘንድ ይሄ ሒሳብ አይሠራም። እዚህ ከምድር ወገብ ስለማንርቅ ጨረቃ ከወጣች ሁልጊዜ ወደ 12 ሰዓት ያህል ሰማይ ላይ ትቆያለች። እናንተ ጋ በብርድ ወራት ሙሉዋ ጨረቃ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥታ እስከ ረፋድ አትገባም። በበጋችሁ ደግሞ ትንሽ ብቅ ብላ ጥልቅ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። እናንተ ጋ ጨረቃ ሁሌም በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። ኅዳር 25 ሌሊት ግን ግቢ ወርጄ ቀና ብል ከአናቴ አልፋ ወደ እንጦጦ ጋደል ብላለች። ሰኔ ላይ በደቡብ በኩል እንደምታልፍ አውቃለሁ፤ ዝናቡ ካሳየኝ አይደል! ትናንት ማታ ደግሞ ቀጭኗ ጨረቃ እንደ ታንኳ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። እናንተ ጋ ወደ ጎኗ ዘመም ብላ ነው የምትታየው።

አሁን ወደ ካላንደሩ ልምጣ፤ የደነቀኝ እሱ ነው። ከሙሉ እስከ ሙሉ 29 ቀን ተኩል ይፈጃል። የእኛ ወር ደግሞ 30 ነው። ስለዚህ ጨረቃ በየወሩ ግማሽ ቀን ብቻ ነው ወደ ኋላ የምትሸሸው። ጥቅምት 26 ሞላች፣ ኅዳር 25 ሌሊት ሞላች፣ አሁንም ታኅሣሥ 25 ትሞላለች። የፈረንጆቹ ወር አንዴ 30 አንዴ 31 ስለሚሆን እንዲህ አይጨበጥም። ጎረቤቴ ረመዳን መቼ እንደሚገባ ስታሰላ ካላንደሬን አየሁና «የካቲት 10 ግድም አዲስ ትሆናለች» አልኳት። «ያንቺን ስክሪብቶ አምኜ አልጾምም፤ ጨረቃዋ ትታይ» አለችኝ። ልክ ናት።

ግማሿ ግማሿ ቀን በዓመት ተጠራቅማ ስድስት ልትሞላ ትንሽ ይቀራታል። የጳጉሜን አምስት ቀን ስትጨምሪባት ጨረቃ በዓመት የምትሸሸው 11 ቀን ግድም ነው። እዚህ ላይ ስደርስ አንድ የባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር፣ አዋቂ ጎረቤታችን ሳቁ። «አበቅቴን አገኘሽው» አሉኝ። አበቅቴ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚተርፈው ቀን ሲጠራቀም ነው፤ በየዓመቱ በ11 ይጨምራል፤ 30 ሲያልፍ 30 ይገደፋል። የዘንድሮው 12 ነው፣ የከርሞው 23። ስለዚህ ከርሞ ኅዳር ላይ ሙሉ ጨረቃ በ15 ነው የምትሆነው፤ ዘንድሮ በ25 ነበረች። የሊቃውንቱን ሥራ በወጥ ቤት ካላንደር ደረስኩበት ብዬ ትንሽ ኮራሁ፤ አትፍረጂብኝ።

የምወዳት ግን የጠዋቷን ነው። ከሞላች በኋላ ባሉት ቀናት ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ፊት ለፊቴ ናት፤ ነጣ ብላ፣ ጠርዟ ተበልቶ። ሰዉ ታክሲ ያሳድዳል እንጂ ቀና የሚል የለም። ፒያሳን ብታዪው አታውቂውም። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ሰፈሩ ሲሄድ ሰማዩ ሰፋ፤ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም። ማታ ማታ ደግሞ የኮሪደሩ መብራት ቀጭኗን ጨረቃ ያስቸግራታል፤ ሙሉዋን ግን አይችላትም።

እንግዲህ አንድ ነገር አደራ። ታኅሣሥ 25፣ በእናንተ ጃንዋሪ 3፣ ጨረቃዋ እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣች አይተሽ ጻፊልኝ። ከስልክ አትገልብጪ፤ ደመና ከሆነም ደመና ነው በይ። ካላንደሬ ላይ ላንቺ ሰዓት የሚሆን ቦታ ትቻለሁ።

በርበሬው ተፈጭቷል። እማዬ «የሚመጣ ሰው ካለ በቶሎ ትናገር፣ ለገና ይድረስላት» ብላለች።

ያንቺው