ብሮኮሊውን ተዉትና ስለ ጎመናችን ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የጤና ዓምዳችሁን በየሳምንቱ አነባለሁ። ውፍረት ስለሚቀንሱ አትክልትና ፍራፍሬዎች የወጣውን ደግሞ ሁለቴ አነበብኩት፤ ነገሩ የራሴ ጉዳይ ነዋ። ብሮኮሊ፣ ኪዊ፣ እንጆሪ ብላችሁ ደረደራችሁ። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጉልት ሄጄ "ኪዊ አለ?" ብል ባለ ጉልቷ ምን እንደምትለኝ እናንተው ገምቱት።

እኛ ጋ ያለው ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ፓፓያውም የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ይመጣል። 100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን 25 ካሎሪ ገደማ ነው። ቲማቲም 18፣ ዱባ 26፣ ፓፓያ 43። የተወራለት ብሮኮሊ ራሱ 34 ነው! ታዲያ የኛው ምን አነሰውና ነው?

ጣጣው ያለው ድስቱ ውስጥ ነው። ባለፈው ሁዳዴ "ዘንድሮስ እቀንሳለሁ" ብዬ ነበር። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቁርስ የለ። ፋሲካ ሲደርስ ሚዛን ላይ ብወጣ 2 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። ግራ ቢገባኝ አንድ ቀን ጎመን ስትሠራ አጠገቧ ቆምኩና ዘይቱን ድስቱ ላይ ከማፍሰሷ በፊት ብርጭቆ ውስጥ እንድትቀዳልኝ ለምኜ በሾርባ ማንኪያ ሰፈርኩት። ስድስት ማንኪያ ሆነ። አንዱ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ ስድስቱ 720 መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ጎመን ግን ቢበዛ 300 ምናምን ነው። ጎመን በላሁ እያልኩ ዘይት ስበላ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

"አንተ ደግሞ፣ ጎመን ያለ ዘይት በየት በኩል ይወርዳል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ጭራሽ ያለ ዘይት አይጥምም። አሁን ሽንኩርቱን በደረቁ ታቁላላዋለች፤ ሊያር ሲል ጠብ ጠብ እያደረገች ውሃ ትጨምርበታለች። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጠንከር ታደርጋለች። ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ከላይ ቃሪያ። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፌ ነው የበላሁት፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ጁሱም እንደዚያው ነው። "ፍራፍሬ እኮ ነው" እያልኩ ከሥራ ስወጣ ስፕሪስ እጠጣ ነበር። አቮካዶ ለጤና ጥሩ ነው፣ ግን 100 ግራሙ 160 ካሎሪ አለው። ስኳሩ ሲጨመርበት ደግሞ እራት በሉት። ብርቱካኑን ልጦ መብላት ይሻላል፣ ያጠግባልም።

ሌላው ሰላጣ ነው። እንዴ፣ እኛ እኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነን! በሐምሌ ብርድ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ቀዝቃዛ ሰላጣና ኪያር የሚበላ ሰው አሳዩኝ። ለኛ የሚሆነው የጥቅል ጎመንና የካሮት ሾርባ ነው፤ ትኩስ ትኩሱን ከእንጀራው በፊት አንድ ሳህን ከጠጡት፣ እንጀራው ራሱ ይተርፋል። ጎመን ብቻ ብሉ እያልኩ አይደለም ደግሞ። ምስሩም ሽሮውም ያስፈልጋል፣ አለዚያ አቅም ያሳጣል።

እና እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስለ ቆስጣና ስለ ዱባ ጻፉልን። በስንት ማንኪያ ዘይት እንደሚሠራም አብራችሁ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳልገዛ አላልፍም። 100 ግራሙ ከ350 ካሎሪ በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ እሱ ምክር አትላኩልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን