የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮም በየሐሙሱ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተገናኝተናል። ኮሚቴ መርጠናል፣ በሰልፍ ላይ ዝግጅት አቅርበናል፣ የጥያቄና መልስ ውድድርም አካሂደናል። ይህን በዚሁ ልለፈውና ዓመቱን ሙሉ ወደያዘን ጥያቄ ልግባ። ሰው የሚችለውን ሁሉ የሚችል ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲመጣ የሮቦት አካል ያስፈልጋል? ወይስ ኮምፒውተር ውስጥ እንደተቀመጠ ዓለምን ማወቅ ይችላል?

«ለፈተና ለማይመጣ ነገር!» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። አልተቀየምኳቸውም። ግን ሶፊያ ለምትባለው ሮቦት ሶፍትዌር ከሠሩት መካከል አዲስ አበባ ያሉት አይኮግ ላብስ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት ወጣቶች ይገኙበታል። ታዲያ የጅማ ልጅ ለምን አይጠይቅ?

በክርክሩ «አካል አያስፈልግም» ያሉት በርትተው ነበር። ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን በቼዝ ሲረታ ጠጠሩን የሚያነሳለት ሰው ነበር አሉ። ሌሎቹ ሄልድና ሄይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ያደረጉትን ሙከራ አመጡ። ሁለት የድመት ግልገሎች አንድ ዓይነት ነገር ያያሉ። አንዷ በእግሯ እየሄደች፣ ሌላዋ በቅርጫት ተጭና። የተጫነችው ዓይኗ እያየ ርቀትን መለየት አቃታት።

ኅዳር ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የቡና ማድረቂያ ሄድን። አንድ አባት ሚኒባሳቸውን በነፃ ባይሰጡን ኖሮ ይህም አይታሰብም ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰች የ10ኛ ክፍል ልጅ አለችን። እጇን ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው ቡና ውስጥ ሰደደች። ጨበጥ አድርጋ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። «ይኼ ገና ነው፤ ያኛው ደርሷል» አለች። ሠራተኛው ቡናው ከተሰጣባቸው ከሁለቱም የማድረቂያ አልጋዎች ወስዶ፣ ፈልፍሎ በእርጥበት መለኪያ አየው። የመጀመሪያው እርጥበት ከ12 በመቶ በላይ፣ የሁለተኛው በታች ሆነ፤ ልክ እሷ እንዳለችው። ገርሞት በአፋን ኦሮሞ ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። «እንጃ፤ ከእናቴ ጋር ሳሰጣ እጄ ለምዶ ነው» አለችው።

«መለኪያውስ? እጅ የለው፣ ግን አወቀ!» አለ አንዱ ተከራካሪያችን።

ዞር ብላ «ቡናውን ማን ጨመረለት?» አለችው።

እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ እንባዬ መጣ።

ክርክሩ በዚያ አልተዘጋም። እኔ ግን አካል ያስፈልጋል ወደሚሉት አደላለሁ። ከተበላሸ መጫወቻ የሠራናት፣ እንቅፋት የምትሸሽ መኪናም ይህንኑ አሳየችን። ኮሪደር ላይ ጎበዝ ነበረች። ግቢው ሣር ላይ ስትወጣ ተተከለች። የሮቦት ተመራማሪው ሞራቬክ እ.ኤ.አ. በ1988 ኮምፒውተርን እንደ አዋቂ ዳማ ማጫወት ቀላል፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ቅልጥፍና መስጠት ግን ከባድ ነው ያለው ለልጆቹ ያን ቀን ገባቸው።

ከዚያ ሞተሩ ተቃጠለ። ለወላጆች ቀን መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ ተገትራ ዋለች። ለድንኳንና ለለስላሳ ብር ተገኝቶ ለአንድ ሞተር መጥፋቱን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ለ2018 ሁለት ሞተር፣ ባትሪና የእርጥበት ሰንሰር እንፈልጋለን። ቤታችሁ የተሰበረ የልጆች መኪና ካለም አትጣሉት፣ ላኩልን። ያቺ ልጅ በቡና አልጋ ላይ እየሄደ እርጥበት የሚለካ ሮቦት በደብተሯ ነድፋለች። ንድፉን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ መጥታችሁ እዩት።