ሚሚዬ፣ ልጁን ደውለሽ አናግሪልኝ

ሚሚዬ እንዴት ነሽ፣ አውቃለሁ አውቃለሁ ጠፋሁ፣ ስንቴ ስልኩን አንስቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት እግዜር ነው የሚያውቀው፣ በቆየሁ ቁጥር ደግሞ እያፈርኩ መጣሁ፣ በቃ ይቅር በይኝ። አንቺም ዴንቨር ገብተሽ ኮራሽ እንጂ አንድ ቀን "አለሽ ወይ" ብትዪኝ ምን ነበረበት!

የምጽፍልሽ በልጁ ጉዳይ ነው። በነጠላሽ አዝለሽ ያስተኛሽው ልጅ 17 ሞላው እኮ፣ ለሃይስኩሉ የቤዝቦል ቡድን ራይት ፊልድ፣ በሜዳው ቀኝ ጥግ በኩል፣ ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት አሰልጣኙ "ቀጭን ነህ፣ ጡንቻ አውጣ፣ ስዊንግህን፣ የዱላ አወራወርህን፣ ቀይርና ኳሷን ከአጥር ውጪ የሚያወጣ ሆምራን ምታ፣ ያለዚያ ቤንች ነህ" አለው። ቤት መጣና ጓንቱን ጋራዥ ወርውሮ ሳይበላ ተኛ፣ ከዛ ወዲህ አልነካውም፣ አይስቅም፣ ሲያናግሩት እሺ ብቻ ነው መልሱ።

እኔ ወዲያው ማን ትዝ እንዳለኝ መቼም አይጠፋሽም። የኛ 51 ቁጥር፣ ጃፓናዊው ኢቺሮ! በፈረንጅ 2001 ሲያትል ስታዲየሙ ውስጥ በራይት ፊልድ በኩል ያለውን መቀመጫ የኦቾሎኒ ቅርፊት ስንጠርግ "ይሄ ቀጭን ነው እነዚህን ግዙፎች የሚችላቸው?" ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እንዳትክጂ። በዛው አመት 242 ሂት መታ፣ 242 ጊዜ ኳሷን መትቶ ቤዝ፣ ማረፊያው ላይ፣ ደረሰ ማለት ነው፣ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ኤምቪፒም፣ የሊጉ ኮከብ፣ እሱ ሆነ፣ ቡድኑ ማሪነርስ 116 ጨዋታ አሸነፈ። ህጉ ባይገባንም ሩጫው ገብቶን ነበር፣ ኳሷን መሬት ለመሬት ነካ አድርጎ ሌላው ጎንበስ ብሎ እስኪያነሳት እሱ ቤዝ ላይ ነው። በ2004 ደግሞ 84 አመት የቆየውን የድሮውን ተጫዋች የሲስለርን የአንድ አመት ሪከርድ፣ 257 ሂት፣ ሲያልፍ ሮጦ ሄዶ የሲስለርን ልጅ፣ የ81 አመቷን ሴትዮ፣ ሲጨብጣት መጥረጊያሽን ይዘሽ ያለቀስሽው ማን ነበር?

እና ለልጁ ነገርኩት። ጃፓን እያለ ኦሪክስ የሚባለው ቡድን ውስጥ የመጀመሪያ አሰልጣኙ የኢቺሮን ስዊንግ አልወደውም ብሎ ታችኛው ቡድን አስቀምጦት ነበር፣ በ1994 ሌላ አሰልጣኝ መጣ፣ እንደፈለግክ ምታ አለው፣ በዛው አመት በ130 ጨዋታ 210 ሂት። ሰማኝና "እማ፣ እሱ ኢቺሮ ነው፣ እኔ ኢቺሮ አይደለሁም" አለኝ። መልስ አጣሁ ሚሚዬ። እስካሁንም የለኝም።

አሁን ደግሞ… እንዴት እንደምልሽ አላውቅም፣ ለአባቱ እንኳን አላወጣሁትም። የኢቺሮ አባት ከ7 አመቱ ጀምሮ በየቀኑ ሜዳ ይወስደው ነበር ሲባል ሰምቼ እኔም ከስራ ስወጣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ባልዲ ሙሉ ኳስ ይዤ ልጁን ሳመላልስ ኖርኩ፣ ሲደክመው አስር ብቻ ጨምር እያልኩ። ቆይቼ ነው ኢቺሮ ራሱ ያ ልምምድ ብዙ እንዳሰቃየው መናገሩን የሰማሁት። ልጄ ጨዋታውን ወዶት ነው ወይስ እኔን ደስ ሊያሰኝ? ተው ካልኩት እኔም አሰልጣኙም አንድ ሆንንበት፣ ቀጥል ካልኩት ደግሞ ባልዲዋ ትመጣለች።

በ2025 ኦገስት 9 ላይ ሲያትል የኢቺሮን 51 ቁጥር ከእንግዲህ ማንም እንዳይለብሰው ሲያሳርፉለት እኔና ልጁ ቲኬት ገዝተን ገብተን ነበር፣ በዛ ሰሞን እንኳን ደስተኛ ነበር። ለሆል ኦፍ ፌም፣ ለቤዝቦል ታላላቆች የክብር ቤት፣ ኢቺሮን ከ394 መራጭ 393ቱ መርጠውታል ስለው "አንዱ ሰውዬ ምን አይቶ ነው?" ብሎ መንገዱን ሙሉ ተናደደ። ያን ቀንም ላንቺ ልደውል ነበር። በ2016ም ኢቺሮ እዛው ያንቺ ከተማ ኩርስ ፊልድ ስታዲየም፣ በ42 አመቱ፣ ኳሷን የራይት ፊልዱ ግድግዳ ላይ አስመትቶ ሦስተኛው ቤዝ ድረስ ሮጦ 3000ኛውን የአሜሪካ ሂቱን ሲያገኝ ስምሽን ስልኩ ላይ ከፍቼ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ዘጋሁት።

እባክሽ ቅዳሜ ከሰዓት ደውይለት፣ ያንቺን ድምፅ ይወዳል፣ ላንቺ ይናገራል። ስለ ቤዝቦል ቀድመሽ አታንሺ፣ ራሱ ካነሳው ስሚው ብቻ፣ ማቆም እፈልጋለሁ ካለሽም ደብቀሽ አታስቀሪብኝ። እኔ እንደጻፍኩልሽ አይወቅ። ጓንቱ ቆዳው እንዳይደርቅ ብዬ ትናንት ማታ ሁሉም ሲተኛ ዘይት ቀብቼ ቦታው መልሼዋለሁ፣ እሱንም እንዳትነግሪው።