ከግራ ሦስተኛው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልኩህ። ስልክህ ጠፍቶብኝ አይደለም። በየእንቁጣጣሹ ቁጥርህን አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያቱን አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ዛሬ ልበለው።

እናትህ እቴቴ ስታርፍ ለቅሶ አልደረስኩም።

ጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ነበርኩ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገቡበት ጊዜ ነው። ጥር 13 ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወትን። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ከጆሃንስበርግ የመጣው ሐበሻ ስታዲየሙን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ አድርጎት ነበር። አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ ባንዲራውን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ቀኑ ትዝ አለኝ። ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ያነሳው ጥር 13 ቀን 1954 ነው። ልክ በዚያው ቀን፣ በ51 ዓመቱ። ይህንኑ መግቢያ አድርጌ ጻፍኩና ላክሁ። እንደዚያ ቀን በዘገባዬ ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ከቢሮ ተደወለ። ዘገባው ደርሷል ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። የጓደኛህ እናት አርፈዋል አሉኝ።

መመለስ እችል ነበር። ሁለት ጨዋታ ይቀራል አልኩ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፈውን ከምድባችን ስንሰናበትም መመለስ እችል ነበር። እስከ ፍጻሜው ቆይ ሲሉኝ ግን እሺ አልኩ። አንተ ከአሜሪካ ውቅያኖስ አቋርጠህ ደረስክ። እኔ እዚሁ ከአፍሪካ አልደረስኩም። ስመጣ ድንኳኑ ተነስቷል፣ አንተም ሄደሃል። እህትህ በር ከፍታ አስገባችኝ። ቡና አፈላችልኝ። ስትሸኘኝ «ወንድሜ ሲጠይቅህ ነበር» አለችኝ። ያቺን ነገር ይዤ ቤቴ ገባሁ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ከሳምንት በኋላ አልኩ። ከዚያ ምን ብዬ እደውላለሁ የሚለው መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጨዋታ ስዘግብ የቤቴ ሰው ሠርግም ልደትም አምልጦኛል። ለዚያ ሁሉ ይቅርታ ጠይቄ ታልፎልኛል። ለዚህኛው ግን አንተን ፊት ለፊት አግኝቼህ እንኳ መጠየቅ አቃተኝ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

አሁን ደግሞ የጻፍኩልህን ጉዳይ ልንገርህ። ይቅርታውን ለጉዳዩ ብሎ አመጣው እንዳትለኝ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ሆነውብኝ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ባልደረባ ደወለልኝ። የድሮው ቢሮ ሲጸዳ የፎቶ ክፍሉ ካርቶኖች በረንዳ ላይ ወጥተዋል፣ ዝናብ ሳይመታቸው ና አለኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዤ ሮጥኩ። ሁለት ካርቶን አዳንኩ። የቀረው ቀድሞ ሄዷል። ከፍቼ ሳይ የአንተ እጅ ጽሑፍ ነው። ቀኑን፣ ሜዳውን፣ ውጤቱን በየጀርባው በእርሳስ ጽፈሃል። ከአራት መቶ በላይ ፎቶ ነው። ስም ግን የላቸውም።

ስም የሚለው ነገር ከየት እንደመጣብን ታስታውሳለህ? 1978 መሰለኝ። ከስታዲየም በእግራችን ወደ ካዛንቺስ እናንተ ቤት ገባን። ዝናብ ደብድቦን ካልሲያችን ሁሉ ረጥቧል። እቴቴ ሽሮዋን አቀረበች፣ ካልሲያችንን ከሰሉ ዳር ዘረጋችው። ከዚያ የዕለቱን ጋዜጣ አመጣች። ማንበብ አትችልም፣ የጎረቤት ልጅ አንብቦላታል። ያንተን ፎቶ በጣቷ ነካችና «ይሄ ልጅ ማን ነው?» አለች። ከሥሩ የተጻፈው «ተጫዋቾች በፉክክር ላይ» የሚል ነው። አንተ ሳቅክ። እሷ አልሳቀችም። «የማን ልጅ ነው? ስሙን ለምን አልጻፋችሁትም? እናት የለችውም እንዴ?» አለችን። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። እኔ ያን ጊዜ ጋዜጣ ቤት ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ከዚያ በኋላ ስም ላይ ተሳስቼ አላውቅም ብል ደስ ባለኝ። የጃንሜዳው ልጅ ነገር ትዝ ይልሃል? አገር አቋራጭ ነበር። አራተኛ የወጣውን ልጅ በወንድሙ ስም ጻፍኩት። በሳምንቱ አባትየው ከአርሲ ድረስ መጡ። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ ጋዜጣውን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተዋል። አልጮኹም። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና «የሮጠው ታናሹ ነው። ታላቁ ከብት ጠባቂ ነው» አሉኝ። አለቃዬ ማስተካከያ ቦታ ይበላል ብሎ እምቢ አለ። እኔ ግን ለቀጣዩ ሳምንት ስለ ሥልጠና አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቼ የልጁን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ መሐል ላይ አስገባሁት። ሦስት ቅጂ ለአባትየው በሰው ላክሁላቸው። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ያቺን ጽሑፍ እወዳታለሁ።

ፎቶዎቹን ሳገላብጥ የ1980ውን ሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን አገኘሁ። ታኅሣሥ ነው፣ ከዚምባብዌ ጋር ያደረግነው ፍጻሜ። አንተ ከግቡ ጀርባ ተንበርክከሃል፣ እኔ ካንተ ኋላ ቆሜያለሁ። ከስታዲየሙ የተመልካች መቀመጫዎች ካታንጋ ጥቅጥቅ ብሏል፣ ሚስማር ተራ መፈናፈኛ የለም። 36 ፎቶ የምታነሳ አንድ ጥቅል ፊልም ነበረችህ። ሁለተኛ አይሰጥም። ጨዋታው አልቆ ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሄድ ስንት ቀረህ ብዬ ጠየቅሁህ። «ስድስት» አልከኝ። በእያንዳንዱ የእኛ ምት አንድ እያነሳህ እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የመጨረሻዋን ለዋንጫው አስቀመጥካት። ሌላ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ጎል ይጨርሳት ነበር።

ማታ ቢሮ ስንገባ ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ። ሕዝቡ ሁሉንም ከደምሴ ዳምጤ አፍ ሰምቶታል፣ ነፍሱን ይማረውና። ደምሴ ካወራው በኋላ ኳሷ በየት በኩል ገባች ብዬ ብጽፍ ማን ያነበኛል? የጋዜጣ ሰው ችግሩ ሁልጊዜ ይሄ ነው። ሬዲዮ ይቀድመዋል፣ ቴሌቪዥን ይቀድመዋል። ስለዚህ ሬዲዮ ያላየውን ጻፍኩ። መለያ ምት ሲመታ ፊቱን ወደ ካታንጋ አዙሮ ጎሉን ማየት የፈራውን የፖሊስ ባልደረባ ጻፍኩ። ዝም ብሎ ሣሩን የሚነጨውን ተቀያሪ ጻፍኩ። ከነስማቸው። ወሬ በሬዲዮ ይሰማል፣ ግን በማግስቱ ቆርጦ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚቻለው ጋዜጣው ነው። እናቶች የሚያስቀምጡትም እሱን ነው።

ሲድኒንስ ረሳኸው? መስከረም 15 ቀን 1993፣ ሰኞ፣ የደመራ ዋዜማ። እኔና አንተን አልላኩንም። ቢሮ ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን ነው ያየነው። እዚያ ማታ ነው፣ እዚህ ምሳ ሰዓት ነው፣ ገጹ ሊዘጋ ደርሷል። የኬንያው ቴርጋት ቀድሞ ወጣ። ኃይሌ መጨረሻው መስመር ላይ ያዘው። በ10 ሺህ ሜትር የነበረው ልዩነት 0.09 ሰከንድ! ሞሪስ ግሪን በዚያው ኦሎምፒክ የ100 ሜትሩን ተከታዩን በ0.12 ነው የቀደመው። አሥር ኪሎ ሜትር ተሮጦ ከመቶ ሜትሩ ሩጫ ባነሰ የሰዓት ልዩነት ነው ያለቀው። ቢሮው በጩኸት ተናጋ። እኔ ኃይሌ፣ ኃይሌ እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። አንተ ትከሻዬ ላይ ሆነህ አነበብክና «የእቴቴ ጥያቄስ?» አልከኝ። አሰፋ መዝገቡን ረስቼዋለሁ። ሦስተኛ ወጥቶ፣ ነሐስ አግኝቶ፣ በእኛው ባንዲራ! ከላይ ሁለት መስመር ቆረጥኩና አስገባሁት። አሁን ሳስበው አንተ ባትኖር ኖሮ እዚያች ገጽ ላይ አሰፋ አይኖርም ነበር።

ከሄድክ በኋላ ያለውን ብዙም አላወራህ። በ1985 የግል ፕሬስ ሲፈቀድ እንዴት እንደነበር አንተም ደርሰህበታል። ሊብሮ የተባለችውን የስፖርት ጋዜጣ አራት ኪሎ ላይ በሳንቲም ተከራይቶ ለማንበብ የሚቀመጠው ወጣት ትዝ ይልሃል፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው በትከሻው ላይ ያያል። ገነነ መኩሪያ የጋዜጣው ስም የራሱ ስም ሆኖ ቀረ። የአገር ውስጥ ኳስ ታሪክ እንዳይጠፋ እንደ እሱ የለፋ ጥቂት ነው። ከዚያ ኤፍ ኤም መጣ። ከዚያ እንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ መጣ። አሁን በየመንደሩ ውርርድ ቤት አለ። ልጆቹን አልወቅስም፣ አርሰናልን መውደድ ኃጢአት አይደለም። የሚያመኝ ሌላ ነው። አንድ ጎበዝ ወጣት ዘጋቢ የአርሰናልን ተጠባባቂዎች በቃሉ ይጠራልኛል። የኢትዮጵያ ቡናን ጎል ያገባውን ስጠይቀው ግን «10 ቁጥሩ» ይለኛል። 10 ቁጥሩ የማን ልጅ ነው?

ስታዲየማችንም እንደድሮው አይደለም። ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍነውን ሰምተህ ይሆናል፣ ሰኔ 2014። የሜዳችን ጨዋታ ነበር፣ ግን የተጫወትነው ማላዊ ነው። መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን። ያን ቀን ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁት። ሳዋ ሆቴሳ ያልኩ መስሎኝ ራሴን አረምኩ፣ ዳዋ ሆቴሳ ነው። ጡረታ ወጥቼም ስም አርማለሁ። ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ሲያገባ ካታንጋ ባዶውን እንዳለ አሰብኩ። ካዛንቺስም መፍረሱን ሳትሰማ አትቀርም። እናንተ ቤት የነበረበትን ቦታ ሄጄ ፈለግሁት። በሩ በየት በኩል እንደነበር መለየት አልቻልኩም።

እና ወንድሜ፣ የምለምንህ ይሄንን ነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በስልኬ እያነሳሁ ልላክልህ። የምታውቀውን ስም ከነአባቱ ንገረኝ። እኔ ማስታወሻ ደብተሮቼ አሉኝ፣ ከ1977 ጀምሮ ያሉት። ያንተን ቀንና የእኔን ደብተር ካገጣጠምን ግማሹን እናገኘዋለን። ለቀረው ሽማግሌ አሠልጣኞች ጋ እሄዳለሁ። ታዋቂዎቹን ማንም ያውቃቸዋል። እኔን የሚያስጨንቁኝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የተጫወቱት፣ ስምንተኛ የወጡት፣ አንድ ቀን ብቻ ጋዜጣ ላይ የታዩት ናቸው። እኛ ስማቸውን ካልተናገርን እነሱን የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው። በየክረምቱ በሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ላይ አሁንም ካሜራህን ይዘህ እንደምትገኝ ሰምቻለሁ። የድሮ ተጫዋቾች እዚያ ይመጣሉ አሉ። ፎቶዎቹን ብታሳያቸው እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

እኔ ጋ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ቀን ነው። በዚያ ሰዓት ስልኬ ክፍት ነው። ካልደወልክም አልቀየምም፣ እኔ ቀድሜ ደዋይ መሆን ነበረብኝ።

የመጀመሪያዋን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ጃንሜዳ ነው፣ ጥር 1981፣ የወጣቶች ውድድር መነሻ ላይ። ሰባት ልጆች ተሰልፈዋል። ስድስቱን ከደብተሬ አግኝቻቸዋለሁ። ከግራ ሦስተኛው ጠፋብኝ። ባዶ እግሩን ነው፣ የደረቱ ቁጥር ተገልብጦ ተለጥፏል። ውድድሩ ሊጀመር ሲል ቁጥሩ ወልቆ ወደቀ፣ አንተ ከጃኬትህ ላይ መርፌ ቁልፍ አውጥተህ ራስህ ለጠፍክለት። ቸኩለህ ስለነበር ገለበጥከው። ተንበርክከህ ስታወራው አይቻለሁ፣ የሆነ ነገር ጠይቀኸው ጮክ ብሎ መለሰልህ። ስሙን የጠየቅከው ይመስለኛል። ማን አለህ?

የአንተው ወንድም