የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የገናው በግ ልብ

የዘንድሮው ሥራችን መነሻ የገና በግ ነው። ከበዓሉ መልስ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አባቴ የበጉን ልብ አውጥቶ ትሪ ላይ ሲያስቀምጠው ይመታ ነበር። ጭንቅላቱ እዚያ ማዶ ወድቋል። ታዲያ ማን እያዘዘው ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን የዓመቱን ዕቅድ ያኔውኑ ቀየርኩት።

ልብ የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም። በቀኝ የላይኛው ክፍሉ ያሉ ጥቂት ሴሎች በራሳቸው ጊዜ ኤሌክትሪኩን ያስነሳሉ። ጡንቻው ውስጥ ሲደርስ ሥራው ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ የሶድየም፣ የካልሲየምና የፖታሲየም ነው። ይህን ሜዳ ላይ በሰው ሠራነው። በኖራ ትልቅ ሴል አሰመርን። በሩ ሲከፈት «ሶድየሞች» ተንጋግተው ገቡ፤ «ካልሲየሞች» ተረጋግተው ተከተሉ፤ በመጨረሻ «ፖታሲየሞች» ወጡ። አንዱ ሶድየም በሩን ስቶ ሻይ ክበብ ገብቷል፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይቅር ብለውታል።

ካልሲየሞቹን «አትቸኩሉ!» እያልኩ የጮህኩት በምክንያት ነው። የነርቭ ምልክት በ1 ወይም በ2 ሺሕኛ ሰከንድ ያልፋል። የልብ ጡንቻ ግን በካልሲየሙ ምክንያት ከ200 እስከ 300 ሺሕኛ ሰከንድ ይቆያል። ያ ቆይታ ባይኖር ልብ ላልቶ ደም ለመሙላት ፋታ አያገኝም ነበር።

የረቡዕ ስብሰባዎች እንደተለመደው ተካሂደዋል፤ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ቀርተዋል። ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ።

ግንቦት ላይ ሆስፒታል ሄደን የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን መሣሪያ፣ የኢሲጂን ክፍል ጎበኘን። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ «እኔ ልተኛ» አለ። ሸሚዙን አወለቀ፤ ገመዶቹ ደረቱ ላይ ተለጠፉ። ወረቀቱ እየተንሿሿ ወጣ። ተነስቶ ቀጥ ያለችውን ሹል መስመር በጣቱ ነካ። «ይቺ ሶድየም ስትገባ ነው።» ቀጥሎ ያለውን ዝርግ መስመር አሳየና «እዚህ ካልሲየም ይዟታል» አለ። የመጨረሻዋ ጉብታ ላይ ሲደርስ «ፖታሲየም ወጣ።» ነርሷ ወደ እኔ ዞራ «ስንተኛ ክፍል ነው?» አለችኝ። ለመመለስ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

በዓመቱ የጠየቅነው የሚኒባስ ኪራይና የአንድ ማይክሮስኮፕ አምፖል ነበር። ሁለቱም አልመጡም፤ ኪራዩን ከተማሪዎች ጋር አዋጥተን ከፈልን። ማሊያ ግን ሁለት ጊዜ ተገዝቷል። ኳስ አልጠላም፤ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ግን ይህን ገጽ ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

የልጁ ወረቀት ላሚኔት ተደርጎ የቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። የላሚኔቱን የከፈልኩት እኔ ነኝ።