ጉበትሽ ያሰናዳውን ኩላሊትሽ በውሃ ነው የሚያወጣው

ይድረስ አዳማ ላለችው ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? በስልክ የነገርሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። በዐቢይ ጾም፣ በዚያ በመጋቢት ፀሐይ፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳትቀምሺ ትውያለሽ፤ ከዚያ ለራስ ምታቱ ብለሽ በአንድ ጉንጭ ውሃ ዳይክሎፌናክ ትውጫለሽ። ጾሙን ተይ አልልሽም። ዳይክሎፌናኩን ግን ተይው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

እህል ሳትቀምሺ ስትውይ የደምሽን ስኳር የሚጠብቀው ጉበትሽ ነው። 1.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 100 ግራም ያህል ስኳር በግላይኮጅን መልክ አጠራቅሞ ይይዛል። ያ እየተመናመነ ሲሄድ ከጡንቻሽ ፕሮቲን ስኳር መሥራቱን ያበዛል። ከፕሮቲኑ የሚተርፈው ናይትሮጅን አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ ለአንጎል መርዝ ነው። ስለዚህ ጉበት ቶሎ ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ቀኑ ከሌሊቱ ሲምታታበት አንዱ ምክንያት ይህ አሞኒያ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። ዩሪያው ያን ያህል አይጎዳም፤ ግን ከሰውነት መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም በውሃ ነው።

እዚህ ላይ ሥራው የኩላሊት ይሆናል። እያንዳንዱ ኩላሊት የጭብጥሽን ያህል ቢሆን ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ አለው። ሁለቱ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውን መልሰው ወደ ደም ያስገቡና 1.5 ሊትር ገደማ ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። ሶዲየሙን፣ አሲዱን፣ ፖታሲየሙን የሚመጥኑት ያኔ ነው። ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል መካከል መቆየት አለበት፤ በጣም ከጨመረ የልብ ምት ይዛባል። ውሃ ሲያጥርሽ አንጎል በሆርሞን መልእክት ይልካል፣ ኩላሊትም ውሃ ይቆጥባል። ቢቆጥብም ግማሽ ሊትር ያህል ሽንት ካላገኘ የቀኑን ቆሻሻ አጥርቶ አያወጣም።

አሁን ወደ ኪኒኑ። ሰውነትሽ ውሃ ሲያጣ ወደ ማጣሪያው የሚገባው ቀጭን የደም ሥር እንዳይጠብ የሚያደርገው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ሕመም የሚያስታግሱት ይህንኑ በመከልከል ነው። ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ማጣራቱ ይቀንሳል። ክፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያምም። ሰው ወገቡን ሲይዘው «ኩላሊቴን» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጡንቻ ነው። ኩላሊት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚጎዳው፤ በደም ምርመራ ክሬአቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት የሚያስወጣው ቆሻሻ ከፍ ብሎ እስኪታይ የማጣራት አቅሙ በግማሽ ያህል ወርዶ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ ከጥማቱና ከቡናው መቅረት ነው። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሊትር አትገልብጪ፤ ኩላሊት ትርፉን ወዲያው ይደፋዋል። ከ9 ሰዓት እስክትተኚ በየሰዓቱ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ይሻላል። አልለቅ ካለሽ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ በ6 ሰዓት ልዩነት ውሰጂ። የጤነኛ ሰው ጣሪያ በ24 ሰዓት 8 ፍሬ ነው፤ አንቺ ግን በጾም ከ4 አትለፊ፤ ምግብ ሲጎድል ጉበት የመድኃኒቱን መርዛማ ትራፊ የሚያመክንበት ግሉታታዮን ይቀንሳል። የጉንፋን መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለበት ካርቶኑን አንብቢ፤ ሁለቱን አትደርቢ። ከልክ በላይ የወሰደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ደህና ሊመስል ይችላል፤ የጉበት ጉዳቱ የሚገለጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው።

ስለ ጉድጓድ ውሃም ልጨምር። ወደ ወንጂ በኩልና በስምጥ ሸለቆው ብዙ ቦታ ፍሎራይድ የሚባል፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አይቀንስም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይጠነክራል።

ሽንትሽ እንደ ቀጭን ሻይ ከጠቆረ ውሃ አንሶሻል። ጠጥተሽም እንደ ኮካ ከሆነ፣ የዓይንሽ ነጩ ቢጫ ካለ፣ ፊትሽ ወይም እግርሽ ካበጠ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሽንት ካልመጣ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። የወሰድሽውን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዘሽ ግቢ።

ዛሬ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሽንትሽን በብርሃን አይተሽ ደውዪልኝ።

እናትሽ