ከሥሩ ጀምር

ሐኖቨር፣ በመጋቢት መጨረሻ

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እትዬስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም ጤናም አልጎደለብኝም። የጎደልከኝ አንተ ነህ።

አራት ዓመት ዝም አልኩህ። ጋሼ ሲያርፉ አንድ ጊዜ ደውዬ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብዬህ ዘጋሁ። ለቅሶ አልደረስኩም። ለአርባቸውም አልመጣሁም። ያኔ ወረቀቴ አልተስተካከለም ነበር፤ ከጀርመን ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም። ይህን በጊዜው ብነግርህ ትረዳኝ ነበር። አልነገርኩህም። ከዚያ በኋላ ወር በወር ላይ ሲደረብ እፍረቱም አብሮ እየከበደ ሄደ። ስምህን ስልኬ ላይ እያየሁ ስንት ቀን መልሼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ይቅር በለኝ።

ዛሬ እንድጽፍልህ ያደረገኝ ግን ጋሼ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ካሰል አጠገብ ባለች መንደር አንድ አሮጌ ሚኒባስ ሥር ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ድምፃቸው መጣብኝ። "ከላይ ያለው ለገበያ ነው፤ ከሥሩ ጀምር።" ሰው መኪና ሊያስመርጣቸው ሲመጣ ሁሌም የሚሉት። ቀለሙን ዞር ብለው ሳያዩ ኮታቸውን አውልቀው ለአንተ ይሰጡህና ይንበረከኩ ነበር።

የእሳቸውን ሰማያዊ ቮልስ ታስታውሳለህ? በቡሄ ሆያ ሆዬ ጨፍረን ስንመለስ ዝናብ ያዘንና እሷ ውስጥ አደርን። ሙልሙላችንን እየበላን፣ መስታወቱ በትንፋሻችን ጉም ለብሶ። "አድገን ውስጡ የሚታደርበት መኪና ገዝተን አገር እንዞራለን" ያልከው አንተ ነህ። ገዛሁት። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ገንዳ ያለው፣ ጣራው ወደ ላይ የሚነሳ የ1986 ፎልክስዋገን ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።)

ጀርመኖቹ ቡሊ ይሉታል። እኔ ከምኖርበት ሰፈር በባቡር ትንሽ እንደሄድክ ስቶከን የሚባል ቦታ ፋብሪካው አለ። ከ1956 ጀምሮ ሚኒባሱ የሚሠራው እዚያ ነው። ሐሳቡ ግን የአንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ቤን ፖን ይባላል። በ1947 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ዳቦ የመሰለ ሣጥን ሣለ፤ ሾፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ። በ1950 ቮልፍስቡርግ ላይ መሠራት ጀመረ። ሞተሩ የቮልስ ሞተር ነው፤ እነ ጋሼ እጃቸው ላይ የነበረው ያው ሞተር። ከ1951 ጀምሮ ደግሞ ቬስትፋሊያ የሚባል ድርጅት ውስጡን በእንጨት ቁምሳጥንና በአልጋ ይሞላው ጀመር። እኔ የምፈልገው ከዚህ ቤት የወጣ ነበር።

ፍለጋው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ትውልድ፣ የፊት መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው፣ እስከ 1967 የተሠራው ነው። እሱን ገና ሳልጀምር ተውኩት። ዛሬ ያን የሚገዛ ሰው ሊያድርበት አይገዛውም። ከ1990 ጀምሮ የመጣው አራተኛው ትውልድ ደግሞ ሞተሩ ወደፊት ሄዷል። ልጆች ይዞ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው እሱ ይሻለዋል፤ እኔን ግን ልቤን አልነካውም። የቀሩኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው።

ሁለተኛውን፣ የፊት መስታወቱ አንድ ወጥና ጎበጥ ያለውን፣ ብሬመን አካባቢ አየሁት። የ1973፣ ብርቱካናማ። ወንድሜ፣ ሲያዩት ያስለቅሳል። ቀለሙ ያበራል፣ መጋረጃው አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ። ሻጩ ቁልፉን በእጄ አስያዘኝ። ኪሴ ውስጥ በስስ ጨርቅ የጠቀለልኩት ትንሽ ማግኔት ነበር። ብረት ከሆነ ይይዛል፤ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። ከፊት በሩ ሥር ያለው ደፍ ላይ አስጠጋሁት። ወደቀ። አነሳሁና አንድ መዳፍ ራቅ አድርጌ አስጠጋሁት። ወደቀ። ከመስታወቱ በታች ጥጉ ላይም እንደዚያው። ሥሩ ስገባ ክሪክ የሚደገፍበት ቦታ ወፍራም ጥቁር ቅባት ተለቅልቆበታል። በካቻቢቴው ጫፍ ቀስ ብዬ ነካ ሳደርገው ገባ። ሳልገፋው ገባ። ሻጩ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ስለ ሞተሩ ያወራልኛል። "ሞተሩ አዲስ ነው" ይላል። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ ሰዓት ነበር። ግን ሞተር በግማሽ ቀን ይወርዳል፤ ታድሶም ይመለሳል። ላሜራው ከበሰበሰ ምኑ ላይ ታስረዋለህ? በያጅ ቆርጦ ቆርጦ ሌላ መኪና ሠርቶ ነው የሚሰጥህ። የእጅ ዋጋውም መኪናውን ከገዛህበት ይበልጣል።

ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ላይ አተኮርኩ። ቲ 3 ይሉታል፤ እናንተ ጋ አሜሪካ ቫናጎን ተብሎ የተሸጠው ነው። ከ1979 ጀምሮ ነው የተሠራው። ሳጥን መሳይ ነው፤ እንደ ብርቱካናማዋ አያስለቅስም። ግን ሰፊ ነው፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ክረምት ላይም ይሞቃል። የእሱ ሕመም ስፌቱ ነው። የላሜራው ቁራጮች የሚገጣጠሙበት መስመር በማስቲሽ ተሞልቶ በላዩ ቀለም ተቀብቷል። ማስቲሹ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ይገባል፤ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ይመጣል። ስለዚህ ከቀለሙ ሥር ጸጉር የምታክል ቡናማ መስመር ካየህ አትናቃት። የመስታወቱን ጎማ ዙሪያ እይ። የውሃ መሙያውን ክዳን ዙሪያ እይ። ከኩሽናው ቁምሳጥን ጀርባ ባትሪ አብርተህ እይ፤ እዚያ እርጥበት ተደብቆ ይኖራል።

ከብርቱካናማዋ ቀጥሎ ያየሁት ቲ 3 2.1 ሊትር ቤንዚን ነበር፣ የ1987። ላሜራው ግሩም ነው። በዚህኛው ግን የገዛ ጆሮዬና አፍንጫዬ አዳኑኝ። እነዚህ ሞተሮች እንደ ቮልስ ሲሊንደራቸው ግራና ቀኝ የተኛ ነው፤ ግን ከ1982 ማብቂያ ጀምሮ በአየር ሳይሆን በውሃ ነው የሚቀዘቅዙት። በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን በሚከድነው ክፍል) እና በሞተሩ አካል መካከል ውሃውን የሚይዝ የጎማ ጋስኬት አለ። የማይስማማው አንቲፍሪዝ ከተጨመረበት ወይም ሳይቀየር ዓመታት ከቆየ አልሙኒየሙ ይበላል፤ ጎማውም መያዝ ያቅተዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ መጣ። ጎንበስ ስል በመገጣጠሚያው መስመር ላይ አረንጓዴ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ጠብ አትልም፤ እዚያው ትደርቃለች፣ ሌላ ትተካለች። ሻጩ "የዝናብ ውሃ ነው" አለኝ። አመስግኜው ሄድኩ።

ይህን አደራ ልብ በልልኝ፤ የአንተ ፍላጎት ከእኔ እንደማይለይ አውቃለሁና። አሜሪካ ያሉት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቤንዚኖች ናቸው። ሜሪላንድ አጠገብህ ያለውን ሳይሆን ከአሪዞናና ከካሊፎርኒያ የመጣውን ፈልግ፤ ክረምት መንገዱ ላይ ጨው እምብዛም አይበተንምና ሥሩ ንጹሕ ነው። ቴስታታው መቼ እንደተሠራ ደረሰኝ ጠይቅ። ገዝተህ ቤት ስትደርስ ደግሞ ከምንም በፊት የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር። በሙሉ። ሞተሩ ከኋላ ተዘግቶ ነው ያለው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ የምታውቀው እሳቱን ስታይ ነው። ስንት የሚያምር መኪና በዚህ ምክንያት መንገድ ዳር ተቃጥሎ ቀርቷል።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልመልስህ።

ሽማግሌው ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል። ስደውልላቸው አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ "እኔ ሳልደርስ ሞተሩን እንዳያስነሱት።" ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀህ የሞተሩን እውነት አታይም። ስደርስ እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። በረዶ ነው። የማሞቂያዋ መብራት እስክትጠፋ ጠብቀን ቁልፉን አዞሩት። አንዴ አጉረመረመ፣ ትንሽ ጭስ ተፋና ተነሳ። ናፍጣ ነው፤ 1.6 ሊትር ቱርቦ፣ 70 የፈረስ ጉልበት። ቱርቦ የሌለው 50 ብቻ ነው ያለው፤ ያንን ዳገት ላይ የጭነት መኪና ይቀድመዋል።

ከዚያ ሥሩ ገባሁ። በካቻቢቴው እጀታ እንደ ጋሼ ቲክ ቲክ እያደረግኩ ከፊት ወደ ኋላ ሄድኩ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የታመመ ድምፁ ይታፈናል። የግራው የኋላ ጎማ ቅስት ላይ አንድ ቦታ ታፈነብኝ። መዳፍ የማታክል ናት። ሌላው ሁሉ ጮኸልኝ። ቀለሙ የደበዘዘ ቡናማ ነው፤ አንድ ጊዜም አልተነካም። እኔ ደስ ያለኝ ያ መደብዘዙ ነው። ማግኔቱ የትም አልወደቀም።

ጣራውን አንስቼ ሸራውን አሸተትኩት። ሻጋታ የለም። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ነገር ግን ጎናቸው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ሳነብ 2211 ይላል። በ2011 በሃያ ሁለተኛው ሳምንት የተሠሩ ማለት ነው። ይቀየራሉ። የምድጃው ጋዝ ቱቦም እንዲሁ፤ በአሥር ዓመቱ መቀየር አለበት፣ የእሱ ጊዜ አልፏል። እነዚህን አንድ በአንድ ስነግራቸው ሽማግሌው አልተከራከሩኝም። ገብተው አንድ ፌስታል ይዘው መጡ።

ውስጡ ሦስት ደብተር ነበር። ከ1986 ጀምሮ የተቀዳው ናፍጣ ሁሉ ተጽፏል፤ ቀኑ፣ ሊትሩ፣ ኪሎ ሜትሩ። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ። ጽሕፈቱ የተያያዘና ጥርት ያለ ነው፣ በሰማያዊ ቀለም። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ያለው ትልልቅ ፊደልና የሚንቀጠቀጥ ነው። ገጹን ይዤ ቀና ስል "እስከዚህ ድረስ የባለቤቴ ነው" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም የምለው ጠፋኝ። ያኔ ነው ወንድሜ አንተን ያሰብኩህ፤ ለአንተም የምለው ጠፍቶኝ እንደነበር።

17,500 ዩሮ ነበር የጠየቁት፤ ጎማውንና ቅስቱን አስበን በ16,000 ተስማማን። የአምስት ዓመት ቁጠባዬ ነው። ወረቀቱ ደግሞ ልቤን አሳረፈው። እዚህ አገር 30 ዓመት የሞላውና እንደ ጥንቱ የተያዘ መኪና "ኤች" የሚል ፊደል ያለበት ሰሌዳ ይሰጠዋል። ግብሩ በዓመት 191.73 ዩሮ ነው። አሮጌ ናፍጣ የማይገባባቸው ከተሞችም በዚያ ሰሌዳ ይገባሉ። አንዳንዱ ሰው ውስጡን ነቅሎ እንደ ዘመኑ ሲያሳምረው ይህን መብት ሊያጣ ይችላል። የእኔው ኩሽናው፣ ፍሪጁ፣ መጋረጃው ሳይቀር ፋብሪካው እንዳወጣው ነው። ቦሎውም ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።

በሰባተኛው አውራ ጎዳና ወደ ቤት ነዳሁት። የካሰል ዳገት ስም ያለው ነው። ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ከጭነት መኪኖቹ ኋላ በቀኝ በኩል ቀስ እያልኩ ወጣሁ። የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ቤት ስደርስ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋሁትም፤ ቱርቦው እንዲበርድ ሁለት ደቂቃ ተውኩት። ያን ሁለት ደቂቃ መሪውን ይዤ ለጋሼ አለቀስኩ። ለቅሷቸውን ያን ጊዜ ነው የደረስኩት።

ጎማዎቹ የሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይገጠማሉ። ቅስቱን አንድ በያጅ አይቶልኝ "ግማሽ ቀን ነው" ብሎኛል። በሰኔ አሥር ቀን ፈቃድ አለኝ። ወደ ባልቲክ ባሕር ልወጣ ነው፤ ከሐኖቨር ሩቅ አይደለም። ከላይ የሚተኛ ሰው እፈልጋለሁ። ፈቃድ ካገኘህ ፍራንክፈርት ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ካልቻልክም የምትችልበትን ወር ንገረኝ፣ የእኔን አዛውራለሁ። ብቻ ጻፍልኝ፤ ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍልኝ።

ስትመጣ የምትነዳው አንተ ነህ። ሁለተኛው ማርሽ ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝ እንቢ ይላል። አትጫነው፤ ትንሽ ጠብቀህ አስገባው።

እትዬን እጃቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ